የዲንሾ ሌሊት

ታኅሣሥ ላይ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ባሌ፣ ዲንሾ ድንኳን ተከልን። ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ አመዳይ።

የመኝታ ከረጢቶቻችንን ራሳችን ነበር የሰፋናቸው። ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን ሦስት ጎኑን ዘጋን፤ ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት ለጠፍንበት፤ ብርድ ከመሬትም ይመጣልና። እኩለ ሌሊት ላይ የትንሹ ልጃችን ከረጢት ተተረተረ፤ ልጁ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። በመሐላችን አስተኝተነው፣ በባትሪ ብርሃን፣ በደነዘዘ ጣት ደግመን ሰፋነው። ያላህ ውለታ፣ መርፌውን አልረሳንም!

ለሱብሒ ስንነሳ የጀሪካኑ አፍ በረዶ ይዟል። በውዱእ ላይ ሆነን ያጠለቅነው የቆዳ ኹፍ ጠቀመን፤ ለመንገደኛ እስከ ሦስት ቀንና ሌሊት ማበስ ተፈቅዶለታልና እግር ማጠቡ ቀረልን። ሰግደን ስንጨርስ ትንሹ ከረጢቱን እንደ ካባ ደርቦ ሻይ ይጠብቃል።