ኪኒኑን የጣልኩ ቀን

የምኖረው ጉለይል ነው። ነፍሰ ጡር ሆኜ ሰርትራሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት እወስድ ነበር። አብራኝ የምትኖር ልጅ «ፅንሱን ይጎዳዋል» ስትለኝ ፈርቼ ሁሉንም ጣልኩት። በሳምንቱ ያዞረኝ ጀመር፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ መሞት አማረኝ። ያቺው ልጅ ደንግጣ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐኪሟ «በራስሽ በድንገት አታቁሚ፤ ድብርቱ ካልታከመም እናትንም ልጅንም ይጎዳል» ብላ እንደገና አስጀመረችኝ።

ስወልድ ደግሞ ጡቴን ልከለክለው ነበር። «ይሄ መድኃኒት ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂቱ ነው፣ አጥቢው። እንቅልፍ ካበዛ ወይም አልጠባም ካለ ግን ቶሎ አምጪው» አለችኝ።

አሁን አምስት ወሩ ነው፤ ይህን የምጽፍላችሁ እያጠባሁት ነው። እህቶቼ፣ መድኃኒት ሁሉ አንድ አይደለም። የኔን አትውሰዱ፤ የናንተንም ሐኪም ሳትጠይቁ አትጣሉ።