የጉራጌ አገር ጓሮ፤ ከቤት የወጣው ወደ መሬት ስለ መመለሱ

ሰው ወደ አንድ አገር በሄደ ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው ተራራውንና ወንዙን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ገበያውን ነው። የዚያ አገር ሰው እንዴት እንደሚኖር በእውነት ለማወቅ የሚፈልግ መንገደኛ ግን ከቤቱ በስተኋላ ዞሮ ጓሮውን ይመልከት። በስተፊት ያለው ለእንግዳ የተዘጋጀ ነው፤ በስተኋላ ያለው ግን የባለቤቶቹን ትጋት ወይም ስንፍና ሳይሸሽግ ይናገራል። ስለዚህ በዛሬው የቤተሰብ ገጽ ስለ ጉራጌ አገር ጓሮ ጥቂት ነገር ጽፈን፣ ከዚያም በከተማ ለሚኖሩት ክቡራን አንባቢዎችና ለወይዛዝርቱ የሚጠቅመውን ምክር እንጨምራለን።

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ የተነሣ ሰው ሰበታን አልፎ በበቾ ሜዳ ይጓዛል። ይህ ሜዳ ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ጥቁር መሬት ነው፤ ዛፉ ጥቂት፣ ሰማዩም ሰፊ ነው። ቱሉ ቦሎንም ካለፈ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ወሊሶ ይደርሳል። ከወሊሶ ወዲያ የአገሩ መልክ እየተለወጠ ይሄዳል። በየቤቱ ዙሪያ ቅጠለ ሰፊ የሆነና ለማያውቀው ሰው ሙዝ የሚመስል ተክል ይታያል፤ እርሱም እንሰት ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ ወደ ጉብሬና ወደ እምድብር የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ በዱር መካከል የሚሄድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዱር አይደለም። እያንዳንዱ እንሰት በሰው እጅ የተተከለ፣ ዕድሜው የታወቀ፣ ባለቤትም ያለው ነው።

የጉራጌ መንደር አሠራር ለተመልካች ደስ የሚያሰኝ ነው። ቤቶቹ ጀፎረ በሚባለው ሣር በለበሰ ሰፊ ጎዳና ግራና ቀኝ በተርታ ቆመዋል። በጀፎረው ላይ ከብት ይግጣል፤ ልጆች ይጫወታሉ፤ ሰርግና ለቅሶም ይደረግበታል፤ ሽማግሌዎችም ለዳኝነት ይቀመጡበታል። ጀፎረው የሁሉ ስለ ሆነ ማንም ሰው አጥሩን ገፍቶ ከእርሱ እንዳይወስድ በአገሩ ባህላዊ ሕግ የተጠበቀ ነው። ጓሮው ግን የየቤተሰቡ ነው። በቤቱና በጓሮው መካከል ያለውም ርቀት ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው።

ይህን ጓሮ አስተውሎ የተመለከተ ሰው የተክሉን አቀማመጥ ሥርዓት ያገኘዋል። ለቤቱ የቀረበው መሬት ጥቁርና ልል ነው፤ እግር ሲረግጠው ይሰምጣል። በዚያ ላይ ጎመንና ለጋ እንሰት፣ ለወጥም ለመድኃኒትም የሚሆኑ ቅጠላ ቅጠሎች ይገኛሉ። ከዚያ ትልልቁ እንሰት፣ በጥላውም ሥር ቡና ይከተላል። በመጨረሻም በዳርቻው ባሕር ዛፍ ቆሟል። ከቤቱ እየራቁ በሄዱ መጠን መሬቱ እየነጣና እየጠነከረ ይሄዳል። ምክንያቱም በየማለዳው ከከብቱ ማደሪያ የሚወጣው ፍግ በሴቶች እጅ ወደ ጓሮ ሲወሰድ፣ ቅርቡ ቦታ ብዙ፣ ሩቁ ጥቂት ስለሚያገኝ ነው።

በእምድብር አቅራቢያ ባለች አንዲት መንደር፣ ከብቶቿ ሦስት ብቻ የሆኑትን አንዲት ባልቴት፣ «እናቴ፣ ይህን ሁሉ መሬት የሚያጠግብ ፍግ ከየት ያገኛሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ፍግ ከከብት ብቻ ይገኛል ያለህ ማነው? የምድጃው አመድ አለ፤ የቤቱ ጥራጊ አለ፤ የእንሰቱ ቅጠል አለ፤ ከብቱ በልቶ ያስቀረው ገለባም አለ። እኛ ከቤት አውጥተን የምንጥለው ነገር የለንም፤ የምናስቀምጥበትን ቦታ ብቻ እንለውጣለን» ሲሉ መለሱልኝ። ስለ አትክልት ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይህ ቃል አጭርና የተሟላ ሆኖ አገኘሁት።

እንሰት ራሱ ለዚህ ሥርዓት ምስክር ነው። እንስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት አገራችንን ጎብኝቶ በተመለሰ ጊዜ፣ በአውሮፓ ቁጥር በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ተክል ሥዕል አውጥቶታል። ዛሬ በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ከእንሰት ምግብ ይመገባል። ግንዱ ከቀርከሃ በተሠራ መፋቂያ ይፋቃል፤ ሥሩም ይቀጠቀጣል። ይህም በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ሲቦካ ቆጮ ይሆናል፤ ከጭማቂው የሚጠለለውም ነጭ ዱቄት ቡላ ይባላል። ከግንዱ የሚገኘው ቃጫ ገመድ ይሆናል። ቅጠሉ ደግሞ ለምግብ መጠቅለያ፣ ለከብት መኖና ለመሬቱ ልብስ ያገለግላል።

አዲስ ተክል የሚገኝበት ጥበብም የሚያስደንቅ ነው። ለጋው እንሰት ከመሬት ጋር ትክክል ተቆርጦ፣ የሥሩ መካከል ይፈለፈላል፤ አፈርና ፍግ ተሞልቶም ይቀበራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንዱ ሥር ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ቡቃያ ይወጣል። ቡቃያውም ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዛወረ፣ እንደ አገሩ ብርድና ሙቀት፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ለምግብ ይደርሳል። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ እንሰት የሚተክለው አገር ከብዙው ይልቅ የቻለው፣ ይህ ተክል አንድ ክረምት ዝናብ ቢቀር በጓሮ ቆሞ የሚጠብቅ ጎተራ ስለ ሆነ ነው።

ነገር ግን ጎተራው ጠላት የለውም ማለት አይደለም። አጠውልግ የሚባለው በሽታ በአንድ ጓሮ ከገባ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥም ቢጫማ ፈሳሽ ያወጣል። ሊቃውንት የበሽታውን መንሥኤ በአውሮፓ ቁጥር በ1968 በአገራችን መርምረው ጽፈውታል፤ በ2001ም በኡጋንዳ የሙዝ ተክል ላይ ታይቷል። የታመመውን ተክል የሚፈውስ መድኃኒት የለም። ብዙውን ጊዜ በሽታውን ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚያዛውረው ጎረቤት ለጎረቤት የሚያውሰው ቢላዋ ነው። የታመመውን እንሰት የቆረጠ ስለት ሳይጸዳ ጤነኛውን ቢነካ፣ የስድስት ዓመት ድካም በአንድ ወር ይጠፋል። በዚያችው መንደር ከአጥር ወዲያ ያለው ጓሮ በእንዲህ ያለ ምክንያት ባዶ ሆኖ አየሁት። የባልቴቲቱ ልጅ ከዚያ ወዲህ ቢላዋውን በእሳት ሳያግል ወደ ጓሮ አይገባም።

እንግዲህ ይህን ካየን በኋላ ወደ ከተማችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ቤት በየዕለቱ የሚያወጣው ጥራጊ አብዛኛው የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ይኸውም የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ ቅጠልና ሣር ነው። ይህ ሁሉ ከቤት ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? ረጲ በሚባለው፣ ሕዝቡም ቆሼ በሚለው ስፍራ ከ50 ዓመት በላይ ሲከማች የኖረው ጥራጊ በመጋቢት ወር 2009 ዓ.ም. ተንዶ፣ በአጠገቡ ይኖሩ ከነበሩት ድኆች መካከል ከ100 የሚበልጡትን ገደለ። በጉራጌ ጓሮ ምግብ የሚሆነው ነገር በከተማ ተከማችቶ ለሰው መቀበሪያ ሆነ ማለት ነው። ቤቱ ጥቂት መሬት ያለው ሁሉ ከጥራጊው የሚበሰብሰውን ለይቶ በጓሮው ቢያስቀር፣ ለራሱ ጎመን፣ ለባልንጀራውም ዕረፍት ይሆናል።

ስለዚህ ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ መርዝ ጓሮውን ለማልማት ለሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው።

አንደኛ፤ ስለ መሣሪያ። ዶማ፣ አካፋ፣ መኮትኮቻ፣ ማጭድ፣ ስለታም ቢላዋ፣ ቅርጫትና ወንፊት ያለው የውኃ ማጠጫ ይበቃሉ። ቢላዋውና ማጭዱ የታመመ ተክል ከነኩ በእሳት ይለብለቡ።

ሁለተኛ፤ ስለ ብስባሽ ፍግ። በጥላ ሥር ስፋቱና ቁመቱ አንድ አንድ ሜትር ያህል የሆነ ክምር ይሠራ። በበጋ እርጥበቱ እንዳያመልጥ በጉድጓድ፣ በክረምት ውኃ እንዳይተኛበት ከመሬት በላይ ቢሆን ይሻላል። ከታች ነፋስ እንዲያስገባ ጭራሮና አገዳ ይነጠፍ። ከዚያ አንድ ስንዝር ደረቅ ቅጠልና ገለባ፣ በላዩ አንድ ስንዝር አረንጓዴ አረምና የወጥ ቤት ልጣጭ፣ በዚያም ላይ አራት ጣት ያህል ፋንድያ ወይም እበት ይደረግ፤ ጥቂት አፈርና ጥቂት አመድ ይነስነስበት። ክምሩ እስኪሞላ ድረስ እንዲሁ ይደጋገም። እርጥበቱ ተጨምቆ የተሰጣ ጨርቅ ያህል ይሁን። ሥጋ፣ ቅባት፣ የውሻና የድመት ኩስ፣ ፌስታልና ጠርሙስ አይግቡበት፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልም አይብዛበት።

ሦስተኛ፤ ክምሩን ስለ መመርመር። አንድ በትር እስከ መካከሉ ተተክሎ ይቆይ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲነቀል ሞቆና ረጥቦ ከተገኘ ሥራው በደኅና ይሄዳል። ደርቆ ከተገኘ ውኃ ይጨመርበት፤ ክፉ ሽታ ካለው ውኃ በዝቶበታልና ተገልብጦ ደረቅ ገለባ ይቀላቀልበት። በየሦስት ሳምንቱ ቢገላበጥ፣ በደጋ አገር ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ መልኩ ጥቁር፣ ሽታው የዝናብ አፈር የመሰለ ፍግ ይሆናል። ትኩስ እበት ግን ሥር ያቃጥላልና፣ ጥሬውን በሚበላ ቅጠል ላይም በሽታ ያመጣልና፣ ሳይብላላ ከቶ አይደረግ። ይህ ልማድ የጓሮ ብቻ አይደለም። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና የሥራ ባልደረቦቻቸው በአውሮፓ ቁጥር ከ1996 ጀምሮ በትግራይ ገበሬዎች ዘንድ የብስባሽን ሥራ አስፋፍተው ጥቅሙን በእርሻ ላይ አሳይተዋል።

አራተኛ፤ ስለ መደብ። የመደቡ ስፋት ከአንድ ሜትር ከጥቂት አይበልጥ፤ ከግራና ከቀኝ እጅ የሚደርስበት ከሆነ ማንም አይረግጠውምና አፈሩ ልል ሆኖ ይኖራል። በክረምት በመደቦቹ መካከል የውኃ መሄጃ ቦይ ይቀደድ። በበጋ አፈሩ በደረቅ ሣር ይሸፈን፤ ውኃውም ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይጠጣ።

አምስተኛ፤ ስለ ዘር። የጉራጌ ጎመን ለጀማሪ ከሁሉ ይሻላል። ቅጠሉ ከበታች እየተሸመጠጠ ሲበላ ግንዱ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ተቆርጦ የተተከለውም ቅርንጫፍ ይይዛል። ለዘር የሚሆነው እጅግ ያማረው ተክል ተለይቶ ይተው እንጂ፣ የተረፈውና የደከመው አይሁን። ድንችና ቲማቲም አንድ ዘመድ ናቸውና በሽታቸውም አንድ ነው፤ ስለዚህ አንዱ በወጣበት መደብ ሌላው በማግሥቱ አይተካ፤ ባቄላ ወይም ነጭ ሽንኩርት ይግባበት። በዳርቻው ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና ድንብላል ቢተከሉ ለወጥ ቤቱ እመቤት ደጅ ሳትወጣ ቅመም ይሆኑላታል።

ስድስተኛ፤ ስለ ተባይ። ትሉ ማለዳ በእጅ ይለቀም። ለጎመን ቅማል ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ተወቅጦ በውኃ ያድርና ይጠለል፤ ጥቂት ሳሙና ተጨምሮበትም ይረጭ። የደቀቀ አመድ በግንዱ ዙሪያ ቢነሰነስ ለስላሳ ትሎችን ያርቃል፤ ዝናብ ሲያጥበውም ይታደስ።

ይህ ሥራ ለክቡር ሰው አይገባም የሚል ቢኖር፣ አዳም ገነትን እንዲሠራትና እንዲጠብቃት መታዘዙን ያስታውስ። በወንጌልም ፍሬ ያጣችውን በለስ ባለቤቱ ይቆርጣት ዘንድ ባዘዘ ጊዜ፣ አትክልተኛው ዙሪያዋን ቆፍሮ ፍግ ሊያደርግላት አንድ ዓመት ለምኖላታል። ሥራውን ለአሽከር መተው ይቻላል፤ ነገር ግን ጌታውና እመቤቲቱ በማለዳ ወጥተው የማያዩት ጓሮ አይለማም። ልጆችም ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መደብ ቢሰጣቸው፣ ምግብ ከገበያ ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ለመጀመርም የሚመቸው ወራት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር አረሙ ገና አረንጓዴ፣ መሬቱም እርጥብ ስለሆነ ክምሩ ቶሎ ይበስላል። በመስቀል ሰሞን የተከመረው ብስባሽ ለጥምቀት ይደርሳል፤ የበልጉም ጎመን በእርሱ ይተከላል።