ስለ ሃጫሉ የመጀመሪያ አልበም

ወገን፣ ስለ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲወራ ሁሉም ሰው ከ«ማላን ጅራ» ነው የሚጀምረው። አይፈረድም፤ ያ ዘፈን በ2015 ወጥቶ ያደረገውን ሁላችንም አይተናል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) እኔ ግን ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ከዚያ ስድስት ዓመት በፊት፣ በ2009 ስለወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ነው። «ሰኚ ሞቲ» ይባላል፤ የንጉሥ ዘር ማለት ነው፣ ኦሮምኛ ለማትሰሙ።

ሃጫሉ እዚሁ አምቦ ተወልዶ፣ ከብት እየጠበቀ፣ ትምህርት ቤት እየዘፈነ ያደገ ልጅ ነው። በ2003 ተቃውሞ ላይ ተሳትፈሃል ተብሎ ሲታሰር 17 ዓመቱ ነበር። የተፈታው በ2008። አምስት ዓመት! የማስተምራቸው የ11ኛ ክፍል ልጆች 17 ዓመታቸው ነው። ስም ስጠራ አንዳንዴ ይሄ ይመጣብኛል፦ ከነዚህ አንዱን ዛሬ ወስደው ሌሎቹ ሥራ በሚይዙበት ጊዜ ቢመልሱት ምን ይዞ ይመጣል? ምናልባት ቂም፣ ምናልባት በሽታ። እሱ ዘጠኝ ዘፈን ጽፎ ወጣ።

ግጥምና ዜማ መሥራት የተማረው እስር ቤት እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት እንደማይችልበት ራሱ ተናግሯል። «ከርቸሌ ነው አንጥሮ ያወጣው» የሚሉ አሉ። ተዉ እንጂ! ስንቱ ገብቶ ድምፁ ጠፍቶ ቀርቷል። አስተማሪ ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ እኔን ያናድደኛል። ያን ትምህርት እኮ እኛ ክፍል ውስጥ ማግኘት ነበረበት። ለዘፈኑ የሚመሰገነው ልጁ ነው፣ ግድግዳው አይደለም።

ፈረንጆች ጋራዥ ሮክ የሚሉት ሙዚቃ አለ። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ጎረምሶች በየቤታቸው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ጊታርና ድራም እየደበደቡ የጀመሩት ነው፤ ያልተወለወለ፣ ችኮላ ያለበት። እኛ አገር ሮክ ሲባል ጃኖ ባንድ ይጠራል፤ እነሱ ግን በ2012 የመጀመሪያ አልበማቸውን «ኤርታሌ»ን ሲሠሩ ቢል ላስዌልን የመሰለ አንጋፋ አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር አብሯቸው ነበር። የሙዚቃው ዓይነት ሌላ ቢሆንም ለዚያ ለጋራዡ ነገር የሚቀርብልኝ የአምቦው ልጅ ነው። ጋራዡ ከርቸሌ ሆነበት እንጂ።

አሁን ስትሰሙት ድምፁ ገና ልጅ ነው። በኋላ የለመድነው አዳራሽ የሚሞላው ድምፅ አልደረሰም። ቅንብሩም የዚያ ዘመን ነው፣ አልዋሽም። እኔ ግን የምወድለት እሱኑ ነው። በ2020 ሲገደል ተማሪዎቼ ገና አንደኛ ደረጃ ነበሩ። የሚያውቁት በቲሸርት ላይ ያለውን ፎቶ ነው፤ ለነሱ ሃጫሉ ሲፈጠርም ጀግና ነው፣ ጀማሪ ሆኖ አያውቅም። አንዱ ልጅ ግጥም ጽፎ ሲያሳየኝ «ቲቸር፣ እኔ እንደ ሃጫሉ አልችልም» አለኝ። በ17 ዓመቱ ሃጫሉም አይችልም ነበር አልኩት። አላመነኝም።

ስለዚህ ለሚኒ ሚዲያ ልጆች አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ ላሰማቸው አስቤያለሁ። ችግሩ እኔ ያለኝ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ ሲገለበጥ የኖረ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ጠፍቷል፣ ግማሹ ርዕስ የለውም። ከጊንጪ እስከ ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮ ድረስ ኦሪጅናሉን ከነሽፋኑ ያስቀመጠ ካለ እባካችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ቅዳሜ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ፣ ሳልጭረው እመልሳለሁ። ሻይ በኔ።