ስድስት ዓሣና ሰባት ጄሪካን

ባለፈው ክረምት ልጄንና ቤተሰቧን ልጠይቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ያለች፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የምትዋሰን ከተማ ናት። ጆርጂያ ጎዳና ላይ የአማርኛ ማስታወቂያ እያነበባችሁ ትሄዳላችሁ፤ እንጀራውም በርበሬውም አይጠፋም። እኔ ግን ከከተማዋ ይልቅ በደንብ የማውቀው የልጄን ሳሎን ነው። እዚያ ጥግ ላይ 280 ሊትር ገደማ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለ። ባለቤቱ የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው።

ገንዳው ውስጥ የነበሩት ዲስከስ የሚባሉ ሁለት ዓሦች ናቸው። ክብና ጠፍጣፋ፣ ሲያድጉ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህሉ፣ ቀለማቸው ዓይን የሚማርክ ነው። አገራቸውን ላሳይሽ ብሎ አንድ ቅዳሜ በሜትሮ ወደ ብሔራዊው የእንስሳት ማቆያ ወሰደኝ። መግቢያው በነፃ ነው። አማዞንያ የሚባለው ቤት ውስጥ ስንገባ ሙቀቱና እርጥበቱ መነጽሬን ጉም አለበሰው። «እማማ፣ የእኔዎቹ የመጡት ከዚህ ወንዝ ነው» አለኝ። ዲስከስ በእርግጥም ለሙቅ ውኃ የተፈጠረ ነው፤ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ይፈልጋል። እኔን ነርሷን የገረመኝ ደግሞ ጫጩቶቹ ከእናትም ከአባትም ገላ ላይ የሚወጣውን ፈሳሽ እየላሱ ማደጋቸው ነው።

ቤት ስንመለስ ግን ነገሩ እንዲህ ያማረ አልነበረም። ትልቁ ዓሣ ትንሹን ያሳድደዋል። ትንሹ ጠቁሮ ጥግ ይዟል፤ ምግብም አቁሟል። በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። ልጁ ጓሮ ቀብሮት ሲመለስ «እማማ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ ቶሎ ብሎ «አይደለም» ማለት ቀላል ነበር። እኔ ግን «አላወቅንም፤ አሁን እንወቅ» አልኩት።

መጽሐፍ ተውሶ መጣ። እሱ እያነበበ ወደ አማርኛ ለመመለስ ይታገላል፣ እኔ አዳምጣለሁ። ዲስከስ በመንጋ የሚኖር ዓሣ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሲሆኑ ጉልበተኛው ደካማውን ለይቶ ያጠቃል፤ አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ዱላው ለሁሉም ይከፋፈላል። ስለዚህ ትንሹ ቁጥር አምስት ነው። ለአንድ ያደገ ዲስከስ 40 ሊትር ያህል ይታሰባል። 280 ለ40 ሲካፈል ሰባት ይሆናል፤ አሸዋውና እንጨቱ የሚይዘው ቦታ ሲቀነስ ስድስት። ልጁ አሥር ነበር የፈለገው።

እኔ ግን አንድ የቀረ ነገር ነበረኝ። በሠራሁበት ክፍል አልጋ ሲሞላ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፍ ነበር። ችግሩ ፍራሹ አልነበረም፤ ማታ የምንገባው ሁለት ነርሶች መሆናችን ነበር። «ውኃውን ማን ይቀይራል?» አልኩት። የዓሣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል። ገንዳው ውስጥ ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የተጠራቀመውን ናይትሬት የሚያወጣው ግን ውኃ መቀየር ነው። በየሳምንቱ ግማሹ ይቀየር ቢባል 140 ሊትር፣ ማለትም ሰባት ጄሪካን ነው። ውኃ በፈረቃ ለምናገኝ ሰዎች ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም! የቧንቧው ክሎሪን በመድኃኒት መክሸፍ፣ ሙቀቱም መስተካከል አለበት። እናቱ የሌሊት ሥራ ትሠራለች፣ አባቱ ሹፌር ነው፣ እኔ ደግሞ በመስከረም እመለሳለሁ። ልጁ ዝም አለ።

ተስማማን። አንድ ወር ሙሉ ምንም አይገዛም፤ በየቅዳሜው ውኃ መቀየር የእሱ ሥራ ይሆናል። አሮጌውን ውኃ ለእናቱ ቲማቲም አጠጣን፤ ተክሉ ወደደው። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ኳስ ጨዋታ ሄዶ ረሳው። ልጄ ልታስታውሰው ስትል በዓይኔ ከለከልኳት። እሑድ ጠዋት የውኃ ድምፅ ሰምቼ ብነሳ፣ በፒጃማው ቱቦ ይዞ ቆሟል።

ወሩ ሲሞላ መጠናቸው ከትልቁ ጋር የሚቀራረብ አምስት ዓሦች ተገዙ። እኔም በሙያዬ አንድ ነገር አጠበቅሁ፤ በሽታ ይዘው እንዳይገቡ አራት ሳምንት ለብቻቸው በሌላ ገንዳ እንዲቆዩ።

እነሱ ሳይቀላቀሉ እኔ ወደ አገሬ ተመለስኩ። የልጅ ልጆቻችሁ ዓሣም ይሁን ውሻ «ስንት ይገዛልኝ?» ሲሏችሁ፣ ከገንዳውና ከግቢው ስፋት በፊት የእጁን ቁጥር ቁጠሩ። አምስቱን የሚይዝ እጅ ቤት ውስጥ ከሌለ፣ ትክክለኛው የዲስከስ ቁጥር ዜሮ ነው፤ ትንንሽና ብዙ የማያስቸግሩ ሌሎች ዓሦች አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ በስልክ ቪዲዮ ደወለልኝ። ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠግቶ በአማርኛ ቆጠረልኝ። ስድስት ላይ ሲደርስ «እማማ፣ ቆይ፣ ውኃው እየፈሰሰ ነው» ብሎ ስልኩን ሶፋ ላይ ጥሎ ሮጠ።