ግንቡ አይደለም የያዘው

መቼም የከተማ ልጅ ሆኖ በተሻጋሪ ድልድይ ሥር ያላለፈ የለም። ወደ ድልድዩ የሚያወጣውን መንገድ ግራና ቀኝ ይዞ የቆመ፣ የኮንክሪት ገበታዎች እንደ ጡብ የተገጣጠሙበት ቀጥ ያለ ግድግዳ አይታችሁ ከሆነ፣ አፈሩን ደግፎ የያዘው እሱ ሳይመስላችሁ አይቀርም። በአንዳንዱ ግንብ ግን አፈሩ ራሱን በራሱ ነው የያዘው።

እንዴት በሉና! አፈር ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱት ይበተናል። ስለዚህ በስስ በስሱ እየተሞላና በሮለር እየተጠቀጠቀ፣ በየመሀሉ የብረት ጥብጣብ ወይም ጂኦግሪድ የሚባል የፕላስቲክ መረብ ይዘረጋበታል። የላዩ ክብደት አፈሩን ከጥብጣቡ ጋር ያጣብቀዋል፤ ሰበቃው አላንሸራትት ይላል። ከፍታው 10 ሜትር ለሆነ ግንብ፣ ጥብጣቡ አብዛኛውን ጊዜ 7 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ፊት ለፊት የምናየው ኮንክሪት ግን ብዙ ጊዜ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቆዳ በሉት።

ይህን ዘዴ ለዓለም ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ቪዳል ነው። ሐሳቡ የመጣለት ባሕር ዳር አሸዋ ሲከምር፣ ቀጫጭን የጥድ ቅጠሎች በመሀሉ ቢያስገባ ክምሩ አልናድ ስላለው ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1963 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ በ1972 ደግሞ አሜሪካ የመጀመሪያውን ግንቧን በካሊፎርኒያ ተራራማ መንገድ ላይ ሠራች። አያቶቻችን በበኩላቸው ጭድ ያልገባበት የቤት ጭቃ እንደሚሰነጠቅ ያለ ምዝገባ ያውቁ ነበር።

ታዲያ ጣጣው ዋናው ነገር ተቀባሪ መሆኑ ነው። ከየትም የተዛቀ አፈር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠራማ ሙሌት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የምናውቀው፣ ክረምት የሚያብጥ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር አይመችም። ውሃው መውጫ ካጣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሰበቃው ይደክማል። ብረቱም ዚንክ ተለብጦ፣ ዝገት የሚበላው ትርፍ ውፍረት ተሰልቶለት ነው የሚቀበረው።

እኛ ጋዜጠኝነት የተማርን ልጆች "ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት" የሚሉትን ጥያቄዎች በቃላችን ይዘናል። የመንገድ ዜና ግን አብዛኛውን ጊዜ "ስንት ኪሎ ሜትር? በስንት ብር?" ላይ ያበቃል። ሪባን ሲቆረጥ ካሜራ የሚያነሳው ቆዳውን ነው። ሙሌቱ ከየትኛው ካባ መጣ? በየንብርብሩ ጥቅጠቃው ተለካ? ማን ፈረመበት? ውሃው በየት ይወጣል? እነዚህ ጥያቄዎች ቀን አላቸው፤ ቀናቸውም አፈሩ ሳይዘጋ ነው። ከተዘጋ በኋላ መልሱን የምናገኘው ግንቡ ሆዱ ሲነፋ፣ አስፋልቱ ሲሰምጥ ነው።

እናም በሰፈራችሁ ሙሌት ሲሞላ ካያችሁ ቆም በሉና ጠይቁ። "ምን አገባችሁ?" ብትባሉ መልሱ ቀላል ነው፤ ነገ ታክሲ ተሳፍረን በላዩ የምናልፈው እኛው ነን።