ከዱከም እስከ ዝዋይ የወይን አትክልት
ሠርግ የሙሽሮቹ ነውን ወይስ የአገር? ይህ ጥያቄ ልጅ የሚዳርበት ቤት ሁሉ የሚያውቀው ክርክር ስለ ሆነ፤ በ2016 ዓመተ ምሕረት በጥር ወር በቤተ ዘመዳችን የሆነውን ነገር ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ብተርከው ይጠቅም ይሆናል ብዬ አሰብሁ። በነገሩ ውስጥ ጕዞም ጨዋታም አለበት፤ ጥፋትም አለበት፤ ጥፋቱም የሙሽሮቹ ሳይሆን የኔ የጸሐፊው ነው።

ዱከም ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአድዓ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአድዓ ነጭ ጤፍ በአገሩ ሁሉ የተመሰገነ ነው። የጅቡቲው የምድር ባቡር በ1909 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ሐዲዱ በዚህ በኩል አልፎ ነበርና፤ ዱከም ከባቡር ጋራ ያረጀች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ዛሬ መንገደኛው ስሟን የሚያነሣው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በጐዳናው ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሥጋ ቤቶቿ ናቸው፤ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሁሉ በእሑድና በበዓል ከአዲስ አበባ እስከዚያ ድረስ ይወርዳል። ሁለተኛው በ2000 ዓመተ ምሕረት አካባቢ የቻይና ነጋዴዎች ያቋቋሙት የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ነው፤ በዚያም ብዙ ፋብሪካዎች ቆመው የአገሩን ወጣቶች ያሠራሉ። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የረሳው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከአገራችን ቀይ የወይን ጠጆች አንዱ፤ ሌላው በጕደር ስም እንደ ተጠራ ሁሉ፤ በዚህች ከተማ ስም «ዱከም» ተብሎ በጠርሙስ ይሸጥ የነበረ መሆኑ ነው።

ታናሽ ወንድሜ በዚህች ከተማ ኖሮ በዚህችው ከተማ ተቀበረ። በሞተ ጊዜ ሴት ልጁ የ12 ዓመት ሕፃን ነበረች። እናቷ በዱከም ቤቷ ሁና ስታሳድጋት፤ እኔም ከአዲስ አበባ እየተመላለስሁ የትምህርቷን ነገር ስከታተል፤ እግዚአብሔር ረድቶን ለወግ ለማዕርግ በቃች። የሚያገባትም ልጅ የመቂ ተወላጅ ሆኖ፤ በዝዋይ የወይን አትክልት ግንዱን የሚገርዙትንና ውኃ የሚያጠጡትን ሠራተኞች የሚመራ የእርሻ ባለሙያ ነው።

ሽማግሌ ተልኮ ቀን ከተቈረጠ በኋላ ሁለቱ ወጣቶች ከፊታችን ቆመው አንድ ነገር ለመኑን። ቃል ኪዳናቸው በዱከም ቤተ ክርስቲያን ይሁን፤ ግብዣው ግን ሙሽራው በሚሠራበት በወይኑ አትክልት አጠገብ፤ በግራር ጥላ ሥር እንዲሆንላቸው ነው። ባለቤቶቹ ፈቅደዋል፤ ነገር ግን ከ70 ሰው በላይ አይገባም ብለዋል። እኔ በመጀመሪያ ተቈጣሁ። «ሙሽራ በዳስ ይታያል እንጂ እንደ ወፍ በአትክልት መካከል ይቀመጣልን?» አልሁ። ኋላ ግን ቍጣዬ በረደ፤ የበረደበትንም ምክንያት ሳልደብቅ እናገራለሁ። የመሥሪያ ቤቴን አለቆችና ባልንጀሮች ወደዚህ ዓይነት አዲስና ያማረ ስፍራ ብጠራቸው ክብር የሚሆነኝ ስለ መሰለኝ ነው። ለሙሽራዪቱ ወገን ከተመደበው ከ35 ሰው ውስጥ የ20ውን ስም እነርሱን አድርጌ በመልካም የቁም ጽሕፈት ጽፌ ጨረስሁ።

በዚያው ሳምንት የሰፈሩ የዕድር ዳኛ ወደ ወንድሜ ቤት መጡ። ቡናውን እስከ በረካው ጠጥተው ካበቁ በኋላ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ እንዲህ አሉ፤ «ልጃችን እንደምትዳር ሰምተን ደስ ብሎናል። ድንኳኑንና ወንበሩን መቼ እንላክ ስንል ነበር። አሁን ግን ሠርጉ ዝዋይ ነው፤ የተጠራውም ጥቂት ሰው ነው አሉን። እንግዲህ ለለቅሷችሁ እንጂ ለደስታችሁ አንፈለግም ማለት ነውን?» እኔ የምመልሰው አጣሁ። ዘመኔን በፍርድ ቤት የሰውን ዕዳና መብት በመዝገብ ስጽፍ የኖርሁ ሰው፤ የራሴን ቤት ዕዳ ሳልጽፈው ቀርቼ ተገኘሁ።

ሙሽራዪቱ ይህን ሁሉ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ሰውየው ከሄዱ በኋላ የስሙን ዝርዝር እንድሰጣት ጠየቀችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሼ፤ አባቴ የሞተ ዕለት ድንኳኑን የተከለ ማን ነበር?»

«ዕድርተኛው ነው።»

«አስከሬኑንስ የተሸከመ? ከእናቴ ጋራ ሦስት ቀን መሬት ላይ ያደረ?»

«እነርሱው ናቸው።»

«እርስዎ ከጻፏቸው ጌቶች ውስጥ ያን ጊዜ የመጣ አለ?»

«ሁለቱ መጥተው ነበር። የቀሩት ወንድሜን አያውቁትም» አልኋት።

«እኔንም አያውቁኝም» አለችና ሁለቱን ትታ የ18ቱን ስም በቀይ ቀለም ሰረዘች። በምትካቸውም 18 ዕድርተኞች ጻፈች። ለቀሩት ጎረቤቶች ደግሞ በሠርጉ ጧት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በዱከም ዳስ ተጥሎ ቍርስ እንዲቀርብላቸው፤ አሳላፊዋም ራሷ እንድትሆን ቍርጥ አደረገች።

በማግሥቱ ወደ መሥሪያ ቤት ስሄድ እግሬ ከበደኝ። አስቀድሜ በቃል ጠርቻቸው ነበርና አለቆቼን አንድ በአንድ ይቅርታ መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። ከነርሱ አንደኛው ታሪኩን እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ፤ «ልጅቱን ወደ እኛ አምጣት፤ ከኛ ይልቅ ፍርድ ታውቃለች» ብለው ሳቁ። ያን ጊዜ ነፍሴ ተመለሰች።

እሑድ ጥር 19 ቀን ገና ሳይነጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጥር ለኛ የሠርግ ወር ነው፤ የጥምቀት ማግሥት ጥር 12 ቀንም ጌታ በቃና ዘገሊላ ሠርግ ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠበት መታሰቢያ ሆኖ ይከበራል። ሙሽሮቹ ሥርዓተ ተክሊል ተፈጽሞላቸው ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ለቍርባን የሚቀርበው ወይን ደረቅ ዘቢብ በቤተ ልሔም ታጥቦና በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ ነው። በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከመምህራችን እጅ ጥቂት ፍሬ ዘቢብ ስናገኝ ወይን ማለት እርሱ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለምለሙን ዘለላ በግንዱ ላይ ያየሁት ከጐለመስሁ በኋላ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለስን ሙሽራዪቱ ነጭ ልብሷን እንደ ለበሰች በዳሱ ውስጥ እየዞረች ድፎ ዳቦ አደለች፤ የሽማግሌዎቹንና የአሮጊቶቹን ጕልበት ሳመች። ዓይናቸው የደከመ አንዲት አሮጊት የልብሷን ጨርቅ በጣታቸው ዳስሰው፤ «አባትሽ ይህን ቢያይ ከሁሉ በፊት ዋጋውን ይጠይቅ ነበር» ቢሉ ዳሱ በሙሉ በሳቅ ተናወጠ፤ ወንድሜ ገንዘብ ቈጣቢ ነበርና። እናቷም በዚያ ቀን መጀመሪያ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ በአንድ አውቶቡስና በጥቂት አውቶሞቢሎች ተነሣን። እኔም ከዕድርተኞቹ ጋራ በአውቶቡሱ ተሳፈርሁ። ዘፈኑ ገና ሳይደምቅ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው፤ «በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረን ሳናለቅስ ስንሄድ ዛሬ የመጀመሪያችን ነው» ሲል ሰማሁ። እውነቱን ነው፤ ዕድርተኛ ተሰብስቦ ሩቅ መንገድ የሚሄደው ለቀብር ነው። ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ ከበሮው ሲመታ እኔም ሳላፍር አጨበጨብሁ።

የሐይቆችን ከተማ ቢሾፍቱን አልፈን ሞጆ ስንደርስ የአዳማን መንገድ በግራ ትተን ወደ ደቡብ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ አየሩ ይሞቃል፤ ጤፉ ይቀርና ጃንጥላ የዘረጋ የሚመስለው ግራር ይበዛል። ቆቃ ስንደርስ አዋሽ ተገድቦ የሆነውን ሰፊ ውኃ አየን። ይህ ግድብ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓመተ ምሕረት የተመረቀ ነው፤ ሰውን ያስለቀሰ ገንዘብ ዛሬ መብራት ሆኗል ብለን ተጨዋወትን። በመቂ በኩል በመንገዱ ዳር ሽንኵርትና ቲማቲም ተከምሮ ይሸጣል። የመቂ ወንዝ የሚገባው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ስለ ሆነ፤ ሐይቁ ሩቅ እንዳይደለ በዚሁ ይታወቃል። በሐይቁ ደሴቶች ላይ የዘይ ሕዝብ ይኖራል፤ ከሁሉ ትልቅ በሆነችው በቱሉ ጉዶ ደሴት የደብረ ጽዮን ገዳም አለ፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ወደዚያ ሸሽታ ነበር ተብሎ ይተረካል።

የወይኑ አትክልት በዝዋይ ከተማ አጠገብ ነው፤ ከተማዪቱ ባቱም ትባላለች። ያቋቋመው ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሲሆን፤ ሥራውም በ2000 ዓመተ ምሕረት አካባቢ ተጀመረ። ችግኙ ከቦርዶ መጥቶ የተተከለ ነው፤ የመጀመሪያው ጠርሙስ ለገበያ የወጣው በ2006 ዓመተ ምሕረት ነው። ከግንዶቹ ዓይነት መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ ይገኙበታል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት ፈረንሳይኛ ከብዙ ዘመን በኋላ በዚያ ቀን ጠቀመኝ፤ ዕድርተኞቹ የግንዶቹን ስም እንዴት እንደሚጠሩ የሚጠይቁት እኔን ነበርና። ሙሽራው እንዳስረዳን አሸዋማው መሬት ውኃ ስለማይቋጥር ለወይን ሥር ይስማማዋል። በአትክልቱ ዙሪያ ደግሞ ሰፊ ጕድባ ተቈፍሯል፤ ከሐይቁ የሚወጣው ጕማሬ፤ ጅብና ዘንዶም እንዳይገቡ ለመከልከል ነው።

በግራሩ ጥላ ሥር ገበታው ተዘርግቶ ነበር። ሙሽሮቹ ገበታዎቹን በቍጥር ፈንታ በዱከም ሰፈር ስም ሰይመዋቸዋል፤ አንዱ «ወፍጮ ቤት»፤ አንዱ «ቦኖ ውኃ»፤ አንዱ «ባቡር ጣቢያ»፤ አንዱ «ሥጋ ቤት» ይባላል። በየእንግዳው ፊት የወይን ጠርሙስ ቆሞ፤ በጠርሙሱ ላይ ሙሽራዪቱ በእጇ የጻፈችው የእንግዳው የቀልድ ስም ተለጥፎበታል። ወሬ የምትወድ ጎረቤት «የሰፈሩ ሬዲዮ» ተብላለች። የኔን ባነብበው «ያልተሰረዘ» ይላል። እንደ ምን እንደ ሳቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ወረቀቱን ልጬ በኪሴ አስቀምጬዋለሁ።

የዕድሩ ዳኛና የወንድሜን አስከሬን የተሸከሙት ሰዎች ገበታ ከሙሽሮቹ ፊት ለፊት ነበር። ዳኛው ለመቀመጥ ወንበራቸውን ሲስቡ በገበታው ላይ የቆመችውን ወረቀት አነበቡ፤ «የዕድር ድንኳን» ትላለች። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጥቂትም ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያም ወደኔ ዞረው፤ «ይህን ድንኳን እኔ ነኝ የተከልሁት» አሉና ተቀመጡ።

በግብዣው መካከል ጽዋ የሚነሣበት ሰዓት ሲደርስ ሌላ ጨዋታ ሆነ። ሙሽሮቹ በጧት ቍርባን ስለ ተቀበሉ በዚያ ቀን መጠጥ አልቀመሱም፤ ስለዚህ በወይን መካከል ተቀምጠው በብርጭቋቸው ውኃ አነሡ። አንዱ ሚዜ፤ «ቃና ዘገሊላ ዛሬ ተገለበጠ፤ ወይኑ ውኃ ሆነ» ብሎ ቢጮህ እንግዳው ሁሉ ሣቀ። ከዚህ በኋላ የሙሽራው አያት በኦሮምኛ፤ የዕድሩ ዳኛ በአማርኛ መረቁ። ሁሉም በየቋንቋው አሜን አለ።

ሲመሻሽ በጕድባው ላይ ያለውን መሻገሪያ አልፈን ወጣን። ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰብሁ። የጥሪ ወረቀትም ጕድባ ነው፤ ከገበታችን ማን ይግባ፤ ማን ይቅር የሚለው በርሱ ይለያል። የወይኑ ጕድባ የሚያጠፋውን አውሬ ይከለክላል፤ እኔ የቈፈርሁት ጕድባ ግን ቤታችንን የደገፉትን ሰዎች ሊያስቀር ነበር።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ወጣቶች ሠርጋቸውን በአትክልት ወይም በሐይቅ ዳር ቢያደርጉት፤ ገበታውን በቀልድ ስም ቢሰይሙት፤ በዚህ አንቈጣ። ሠርጋቸውን የራሳቸው ማድረጋቸው ነውና። የራስ የሆነ ሠርግም የሚታወቀው የራስን ሰው በመለየት ነው። እኛ በመሥሪያ ቤት ያለን ሰዎች በተለይ፤ የጥሪውን ዝርዝር ከማተማችን በፊት ለአንዲት ሌሊት ለሙሽራዪቱ እንስጣት፤ ከቀይ ቀለም ጋራ።