ሳቋ ከቀልዱ ሲቀድም

አንድን ፊልም ስንት ጊዜ ገዝቶ ይበቃል ይባላል? ጥያቄው የሥራ ፈት ይመስል ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ውሎ ማታ የራሱን ሳንቲም ለሚቆጥር የባንክ ሠራተኛ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። «ሮማን ሆሊዴይ» የተሰኘው ጥቁርና ነጭ ፊልም በዲቪዲ አለኝ። የባለቤቴ አጎት ለሠርጋችን ከአሜሪካ ይዘውልን የመጡት ነው። ይኸው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2020 ታድሶ በብሉሬይ፣ በ2023 ደግሞ ፎር ኬ በሚባለው ከሁሉም በላቀ ዲስክ ወጥቷል። ይገዛ ወይስ ይቅር? በዚህ ጉዳይ እኔና ባለቤቴ ሁለት ወር ሙሉ ተከራክረናል። እሷ ጀርመን አገር፣ እኔ አዲስ አበባ ሆነን።

ፊልሙን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የአንዲት አገር ልዕልት ለጉብኝት ሮም ትመጣለች። ሥርዓቱና ፕሮቶኮሉ ቢሰለቻት ሌሊት ሾልካ ታመልጣለች፤ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ መንገድ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ያገኛታል። በማግሥቱ ማንነቷን ቢደርስበትም አላወቀ ይመስላል፣ እሷም ልዕልትነቷን ትደብቃለች። አንዲት ቀን በሞተር ሳይክል ከተማውን ይዞራሉ፣ አይስክሬም ይበላል፣ ጸጉር ይቆረጣል። ዊልያም ዋይለር እ.ኤ.አ. በ1952 የበጋ ወራት እዚያው ሮም ላይ ቀረጸው፣ በ1953 ለሕዝብ ታየ። ኦድሪ ሄፕበርን ያኔ የ23 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በዚህ ፊልም ኦስካር ወሰደች። ግሪጎሪ ፔክ ደግሞ ጋዜጠኛው ነው። ዘውጉ የፍቅር ኮሜዲ ይባል እንጂ መጨረሻው ሠርግ አይደለም፤ ልዕልቲቱ ወደ ግዴታዋ ትመለሳለች፣ እሱ ብቻውን ይወጣል። (ፍጻሜውን አስቀድሜ በመናገሬ ይቅርታ፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ፊልም ምሥጢር አለው ብዬ አላስብም።)

እንግዲህ ወደ ሂሳቡ ልግባ፣ ልማዴ ነውና። የእኔ ዲቪዲ አንዱን ምስል በ720 በ480 ነጥቦች ይሥለዋል፤ በድምሩ 345,600 ነጥብ። ብሉሬይ 1920 በ1080 ነው፣ 2,073,600 ይሆናል። ፎር ኬው 8,294,400 ነው። ብሉሬይ የዲቪዲው 6 እጥፍ፣ ፎር ኬ 24 እጥፍ መሆኑ ነው፤ ያለ ቀሪ። በዚህ ፊልም ላይ ግን ሂሳቡ ተቀናሽ አለበት። የድሮ ፊልም ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ ስለሆነ በሰፊው ቴሌቪዥን ግራና ቀኝ ጥቁር መጋረጃ ይቀራል፤ ከገዛነው ነጥብ ከፊሉ ጥቁር ለመሥራት ይውላል።

የዓይንም ነገር አለ። ጤነኛ የሚባል ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ለማየት በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ያህል ርቀት ይፈልጋል። በ40 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ የብሉሬይን ነጥቦች ለመለየት ከ1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ገደማ ሳይርቁ መቀመጥ ያስፈልጋል። የእኔ ሶፋ 3 ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ለፎር ኬ የምከፍለው ገንዘብ ባብዛኛው አፍንጫዬን ከመስተዋቱ ካላስጠጋሁ ለማላየው ነገር ነው። የብርሃንና የጥላ ስፋቱ ይበልጣል ይላሉ፣ እውነት ነው፤ ግን ያንን የሚያሳይ ቴሌቪዥን ሲኖር ነው፣ የእኔ ዕድሜው ገፍቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የፊልሙ የራሱ ታሪክ ነው። ዋናው ኔጌቲቭ ሮም ውስጥ በታጠበ ጊዜ ክፉኛ ተጎድቷል፤ አዳሾቹ የሠሩት ከቅጂ ኔጌቲቭና ከሌላ ማስተር ቅጂ ነው። ጭረቱንና ቆሻሻውን ፍሬም በፍሬም እየለቀሙ አጽድተውታል። ይህ ትልቅ ድካም ነው፣ ባርኔጣ ያስነሣል። ነገር ግን ከቅጂ ላይ የተነሣ ቅጂ መጀመሪያውኑ ያልያዘውን ዝርዝር የቱም ዲስክ አይፈጥርለትም። እናም በእኔ ፍርድ ከዲቪዲ ወደታደሰው ብሉሬይ መሸጋገር ትርፍ አለው፤ ከዚያ ወደ ፎር ኬ መውጣት ለእኔ ቢጤ የቅንጦት ነው።

(ስለ መታደስ ከተነሣ፦ የዚህን ፊልም ታሪክ የጻፈው ዳልተን ትራምቦ በፖለቲካ አመለካከቱ ታስሮ፣ ሆሊዉድም ዘግታበት ስለነበር ስሙ አልተጠራም። ኦስካሩ ስሙን ላበደረው ወዳጁ ለኢያን ማክሌላን ሀንተር ተሰጠ። ትራምቦ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ሽልማቱ ለባለቤቱ ተበረከተ። እኔ ከነጥቦቹ ሁሉ ይልቅ የምወደው እድሳት ይህ ነው።)

የሐበሻ ዓይን ይህን ፊልም ሲያይ ሌላም ነገር ይፈልጋል። ጋዜጠኛው እጁን የሚከትበት «የእውነት አፍ» የተባለው የድንጋይ ፊት ያለበት ቤተ ክርስቲያን ከጥንቱ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አንደኛው ጫፍ አጠገብ ነው። በሜዳው ሌላኛው ጫፍ ደግሞ በዚያ ዘመን የአክሱም ሐውልታችን ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ በ2005 እስኪመለስ ድረስ እዚያው ሮም ነበር። ሞተሩ በየጎዳናው ሲከንፍ ዓይኔ ከኋላቸው ያንን ድንጋይ ይፈልጋል፤ እስከዛሬ አላገኘሁትም። ካሜራው ካልዞረበት ደግሞ 24 እጥፍ ነጥብ ቢጨመር አይታይም። ሄፕበርንንም ቢሆን ሌላው ዓለም እንደሚያያት ብቻ አናያትም፤ በ1988 መጋቢት ወር፣ 58 ዓመቷ ሳለ፣ ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ እኛ አገር ነው፣ መቀሌ ድረስ ሄዳ የተራቡ ሕፃናትን አይታለች። ያንን የሚያውቅ ሰው በልዕልቲቱ ሳቅ ላይ ትንሽ ይዘገያል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ባለቤቴ ነርስ ናት። ጀርመን ከሄደች ሦስት ዓመት ሞላት፤ የእኔ ቪዛ ገና ወረፋ ላይ ነው። አንድ ቀን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ይህንኑ ፊልም በዲቪዲ አግኝታ ገዛች፤ እዚያ «አንድ ልብና አንድ ዘውድ» ይሉታል። «እኩል ከፍተን እንየው» አለችኝ። ስልክ ጆሯችን ላይ ሰክተን፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን ተጫንን። (ኢንተርኔቱ ድምፅ ይሸከማል፤ ፊልም ጫንበት ቢሉት ግን መንገድ ላይ ይወድቃል።)

ጥቂት እንደቆየን ሳቀች። እኔ ዘንድ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ቆይቶ ቀልዱ መጣ። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ሳቋ ከቀልዱ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይቀድም ጀመር። በመጨረሻ እሷ ጨርሳ ስልኩ ላይ ዝም ብላ ስትጠብቅ፣ እኔ ዘንድ ግሪጎሪ ፔክ ያንን የቤተ መንግሥት አዳራሽ ገና ብቻውን እየተራመደ ይወጣ ነበር። «የጫማው ድምፅ ይሰማኛል» አለችኝ፣ ከእኔ ቴሌቪዥን ማለቷ ነው። በዚያ ሌሊት ሁለት ስንኝ ጻፍሁ፦

ሳቅሽ ቀድሞ መጣ ቀልዱ ሳይደርስልኝ፣
ማን ይሆን ባገርሽ ሰዓት ያሮጠብኝ።

ሰዓቱን ያሮጠው ማን እንደሆነ ኋላ ደረስሁበት። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው። የአውሮፓ የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ፓል የሚሉት፣ በ25 ስለሚሠራ የዲቪዲ አሳታሚዎቹ ፊልሙን በዚያው ፍጥነት ያስኬዱታል። የአሜሪካው ሥርዓት ግን ምስል እየደጋገመ ርዝመቱን ይጠብቃል። የእኔ ዲስክ 118 ደቂቃ፣ የእሷ 113 ደቂቃ ይፈጃል። በእሷ ዘንድ የፔክ ድምፅ እንኳ ጥቂት ይቀጥናል።

መላ አበጀን። እሷ በየግማሽ ሰዓቱ ታቆማለች፣ እኔ 75 ሴኮንድ እደርስባታለሁ። በዚያች 75 ሴኮንድ እኔ ድምፁን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ፊልሙን በቃሌ አውቀዋለሁና፣ እሷም ታወራለች። በየዕለቱ ስልክ ላይ «ደኅና ነሽ? ደኅና ነኝ» ስንባባል ከርመን የማይወጣው ነገር በዚያች ቁራጭ ጊዜ ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ታማሚ በሞተች ልጃቸው ስም እንደሚጠሯትና እሷም «አቤት» እንደምትል የነገረችኝ ያኔ ነው። አንድ ቀን ደግሞ «የሳሎናችን መጋረጃ ቀለሙ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መጋረጃውን የመረጠችው እሷ ናት። «ቡና ዓይነት፣ ዳር ዳሩ ነጭ» አልኋት። ዝም አለች፤ 75 ሴኮንዱ ሞላ፣ ፊልሙም ቀጠለ።

ብሉሬይ ይህን የፍጥነት ልዩነት ያስቀረዋል፤ ፊልሙን በሁሉም አገር በ24 ምስል ያሳያል። ይህን ስነግራት ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

«ማቆሚያችንስ?» አለች።

«ስንፈልግ እናቆማለን» አልኋት።

«ፈልገን ካቆምንማ ወሬ መፈለግ እንጀምራለን።»

ለዚህ መልስ የለኝም፤ እሷ የምትለው እውነት ነው። እኔ የምለውም እውነት ነው፦ ሚስቴ በሳቀች ጊዜ በምን እንደሳቀች እያየሁ አብሬያት መሳቅ እፈልጋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የእሷ ዜና ለእኔ ወይ ቀድሞ ወይ ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ። አንዲት ምሽት እንኳ እኩል መሆን የነጥብ ጉዳይ አይደለም፣ ስለ ነጥብ ያሰላሁትን ሁሉ ይህ አንድ ነገር ይደፋዋል።

ስለዚህ ብሉሬይ እንዲገዛ ተወሰነ፤ ፎር ኬው ቀረ። ለፎር ኬው አንድ ነገር ልመስክርለት፦ የአገር ክልል ገደብ የለበትም። ብሉሬይ ግን ዓለምን በሦስት ይከፍላል፤ ደግነቱ አፍሪካና አውሮፓ በአንድ ክልል ናቸው። እሷ ሁለት ዲስክ ገዝታ አንዱን በሰው እጅ ላከችልኝ። የእኔ ዴክ ብሉሬይ ስለማያነብ ከሚዘጋ ጌም ቤት አሮጌ ፕሌይስቴሽን ሦስት ገዛሁ፤ ያ ዕቃ ብሉሬይ እንደሚያጫውት ብዙ ሰው አያውቅም። ከዱባይ የመጣ ነው፣ ክልሉም ይስማማል። መቆጣጠሪያው ላይ አንዱ ቁልፍ ይነክሳል እንጂ ሌላው ደኅና ነው። ሞክሬ አሥር ደቂቃ ያህል አየሁ፤ የልዕልቲቱ ፊት እንደታጠበ መስተዋት ጠርቷል፣ ሰማዩ ላይ ይዘንብ የነበረው ጭረትም ቆሟል። ከዚያ በላይ ብቻዬን ማየት አልፈለግሁም፣ አጠፋሁት።

የሌሊት ተራዋ የሚያበቃው ዓርብ ነው። ቅዳሜ ማታ በእኛ 3 ሰዓት፣ በእነሱ 1 ሰዓት ላይ እንከፍታለን። አሮጌዎቹን ዲስኮች ለማንም እንዳልሰጥ አስጠንቅቃኛለች። የእሷንም ዲቪዲ ከነማኅደሩ ከመኝታዋ አጠገብ አኑራዋለች።